የባዶው ወንበር ቀበቶ

ተማሪው ብቻውን ተነሣ፣ ብቻውን በረረ፣ ብቻውን አረፈ። የራስ ቅሉን ሦስት ቦታ የፈረከሰው ግን ሌላ ሰው ነው።

ሃምሳ አለቃው ይህን በስልክ ሲነግራት መርማሪዋ ቁርሷን ገና መጀመሯ ነበር። «ድገመው» አለችው። ደገመው። «እንግዲህ ወይ አንተ ጠጥተሃል፣ ወይ ሰማዩ ላይ ሽፍታ ገብቷል» አለችና ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ባልደረቦቿ በሌለችበት «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች አይደለም፤ እንዲያውም ደልደል ያለች ሴት ናት። ያገኘችውን ሁሉ ጠቅ ሳታደርግ ስለማታልፍ ነው።

የበረራ ትምህርት ቤቱ ከከተማው ጫፍ ላይ ነው። አንድ ማኮብኮቢያ፣ አንድ መቆጣጠሪያ ማማ፣ አውሮፕላን የሚጠገንበት አንድ ሃንጋርና በአንድ ረድፍ የተሠሩ አራት መማሪያ ክፍሎች አሉት። ከሃንጋሩ ወደ ማኮብኮቢያው በሚወስደው መንገድ ዳር አገልግሎት ያቆመ፣ ዝገት የበላው ትልቅ የነዳጅ ጋን ቆሟል። ባለ ሁለት ወንበሯ ትንሽ አውሮፕላን የቆመችው ከዚህ ጋን ጀርባ፣ ከማማው በማትታይበት ቦታ ነበር።

ተማሪው በግራው ወንበር ላይ በቀበቶው እንደታሰረ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ቀኝ ጆሮ ግንዱ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አጥንቱ በፀጉሩ መሐል እንደ ሳህን ስብርባሪ ነጭ ነጩ ይታያል። ማዳመጫው ለሁለት ተሰብሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ደሙ የፊት መስታወቱን፣ ጣሪያውንና የመሣሪያ ሰሌዳውን ረጭቶታል። ወለሉ ላይ በሁለቱ ወንበሮች መሐል የሚቀመጠው ቀይ የእሳት ማጥፊያ ወድቋል፤ ቂጡ ላይ ፀጉር ተጣብቆበታል። የልጁ ቀኝ እጅ ሁለት ጣቶች ወደ ኋላ ታጥፈው ተሰብረዋል።

መርማሪዋ ጣቶቹን ረዘም ላለ ጊዜ አየቻቸው። የሆነ ነገር አልለቅም ያለ ሰው ጣቶች ናቸው።

«ሰውየው ተይዟል» አላት ሃምሳ አለቃው፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «‹ብሎን› ይሉታል፤ የትምህርት ቤቱ መካኒክ ነው። የሟቹ እህት ባል። ትናንት ሃንጋሩ በር ላይ ሰው ሁሉ እያየ ልጁን በጥፊ አጩሎታል። ዛሬ ደግሞ አውሮፕላኗ ጋ መጀመሪያ የደረሰው እሱ ነው። እጁ እስከ ክርኑ ደም ነው። ምን ቀረ?»

«ለምን መታው?»

«አይናገርም። አፉን ሰፍቶታል።»

«እንግዲያው እሱ ነው የቀረው።»

«እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዐቃቤ ሕግ ፊት አቀርበዋለሁ፤ ጨርሻለሁ።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልጨረስክም ማለት ነው» አለችና ዞረች።

ፖሊሶች ከወጠሩት ገመድ ወዲያ አንዲት ሴት ቆማለች። ከሥራዋ እንደተጠራች ነው የመጣችው፤ አንገቷ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ትልቅ መቀስ። አታለቅስም። ዓይኗ ከአውሮፕላኗ ላይ አይነቀልም።

«እህቱ ነሽ?»

«እህቱም እናቱም ነኝ። እኔ ነኝ ያሳደግኩት።» ድምፅዋ ደረቅ ነው። «ወንድሜን ጠዋት አጣሁ። ባሌን ከሰዓት በኋላ ልትወስዱት ነው አሉኝ። እሱ ከገደለው ንገሩኝ፤ በእጄ አስረክባችኋለሁ። እሱ ካልሆነ ግን መልሱልኝ። መሐል ላይ አታስቀምጡኝ።»

«እሺ» አለች መርማሪዋ። ማጽናናት አትችልበትም፤ ሞክራም አታውቅም።

ወደ አውሮፕላኗ ተመልሳ የቀኙን በር ከፈተች። ጣሪያው ደም ነው፤ በሩ ደም ነው፤ ሰሌዳው ደም ነው። የቀኙ ወንበር መደገፊያ ግን አንዲት ጠብታ አልነካውም። ቀበቶው ባዶው ወንበር ላይ ታስሯል፤ መቆለፊያው ላይ የጣት አሻራ የማይወጣበት የተለቀለቀ ደም አለ። በቀበቶውና በመደገፊያው መሐል ቦርሳዋን ብትከተው ገብቶ ቦታ ተረፈ። ወንበሩ ራሱ በሐዲዱ ላይ ወደ ፊት ተስቦ መሪው ሥር ሊገባ ደርሷል።

«የበረራ ሕግ የሚያውቅ ሰው ጥሩልኝ» አለች።

የመጣው ዋና አሰልጣኙ ነው፤ ሁሉም «ኮሎኔል» ይለዋል። ትከሻው ላይ አራት ወርቃማ መስመሮች ያሉበት ምልክት፣ ከቀበቶው በላይ ደግሞ ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ ሆድ አለው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ተማሪ ብቻውን ሲበር ምን ምን ይጠበቅበታል?»

«አሰልጣኙ መዝገቡ ላይ ፈርሞለት መሆን አለበት፣ ልጄ። ፊርማው ለዚያችው ዓይነት አውሮፕላን ብቻ ነው የሚሠራው፤ በዘጠና ቀን ይሞታል። መዝገቡንም ይዞ ነው የሚነሣው። ሰው መጫን ክልክል ነው፤ የወለደችውንም እናት ቢሆን። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥር ሰዓት ብቻውን ሳይበር ለተግባር ፈተና አይቀርብም። ፈተናው ነገ ነበር። የዛሬዋ አሥረኛዋ ሰዓት ነበረች።»

«መዝገቡ አልተገኘም።»

«መኖር አለበት። ያለ መዝገብ መነሣት ማለት ያለ ሱሪ መውጣት ማለት ነው።»

«ቀበቶውስ?»

«የባዶው ወንበር? ታስሮ፣ ጫፉ እስኪያልቅ ተጎትቶ፣ ወንበሩ ላይ ልጥፍ ማለት አለበት። ልቅ ከሆነ መሪው ውስጥ ይጠላለፍና ልጁን ይዞት ይወርዳል። መጀመሪያ የምናስተምራቸው ነገር ነው።» አንገቱን አስግጎ አየው። ፊቱ ተኮሳተረ። «ይኼ ምን ዓይነት አስተሳሰር ነው?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅህ... የምጠይቅዎት።»

«ትናንት የመጨረሻውን በረራ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ። እኔ የፈታሁት ቀበቶ ደግሞ...» ሆዱን መታ መታ አደረገ፤ «ሁለት ሰው ያስራል። ወንበሩንም እስከ ጥግ ነው ወደ ኋላ የምገፋው፤ አለበለዚያ አልገባም።»

መርማሪዋ ወደ ማማው ወጣች።

የማማዋ ተቆጣጣሪ ወጣት ሴት ናት፤ የጻፈችው ሰዓት ሁሉ ልቅም ያለ ነው።

«ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ አረፈ። ከጋኑ ጀርባ ገባ። እዚያ አይታየኝም፤ ይፍረስልን ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። ሰባት ደቂቃ ሙሉ ሳይወጣ ሲቀር በሬዲዮ ጠራሁት። ዝም። ሃንጋር ደወልኩ፤ ብሎን ራሱ አነሣው። ሞተር ብስክሌቱን አስነሥቶ ሲከንፍ አየሁት። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላው ነው ጩኸቱ እዚህ ድረስ የተሰማው።»

«ከመነሣቱ በፊትስ ከጋኑ ጀርባ ይቆማል?»

«ሁሉም እዚያ ነው ቆመው ሞተር የሚፈትሹት።»

«ሲነሣ ያየሽው ለየት ያለ ነገር አለ?»

ልጅቷ አመነታች። «ሙት መውቀስ እንዳይሆንብኝ። ያቺ የነፋስ አቅጣጫ የምታሳየው ጨርቅ ትታይዎታለች? ሌሎቹ ብቻቸውን ሲሆኑ እሷ ጋ ሳይደርሱ ነው ከመሬት የሚለቁት። አሰልጣኝ ሲወርድ አውሮፕላኗ ትቀላለች፤ ‹ሳላስበው ተነሣችብኝ› ነው የሚሉት ሁሉም፣ ወርደው። እሱ ግን ሁልጊዜ ጨርቁን አልፎ ነው የሚነሣው። ዛሬም። ፈሪ ነው፣ እጁ አይጨክንም እል ነበር።»

«ምን ያህል አልፎ?»

«ልክ ከአሰልጣኝ ጋር ሲሆኑ እንደሚነሡት።»

መርማሪዋ ፈገግ አለች። ፈገግታዋን የሚያውቋት ሰዎች አይወዱትም።

የሟቹ አሰልጣኝ «መምህር» ይባላል። ከመማሪያ ክፍሎቹ የመጨረሻው ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አገኘችው። አጠር፣ ቀጠን ያለ፣ ፀጉሩን በጥንቃቄ ያበጠረ ሰው ነው። ሸሚዙ ከካውያ የወጣ ይመስላል። ትከሻው ላይ የማዕረግ ምልክት የሚገባባቸው ሁለቱ ማሰሪያዎች ባዶ ናቸው። ከጀርባው ግድግዳው ላይ የአንድ ትልቅ አየር መንገድ የቅጥር ደብዳቤ በፍሬም ተሰቅሏል፤ ሥራ የሚጀምረው በሚቀጥለው ወር ነው።

«ከሁለት ሰዓት ጀምሮ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። የነገ ተፈታኞችን ጥያቄ ሳዘጋጅ ነበር።»

«ማን አየህ?»

«ጥያቄዎቼ።» ሳቀ፤ ብቻውን ነው የሳቀው። «ይቅርታ። ደንግጬ ነው። ልጁ ከእጄ ከወጡት ሁሉ የተሻለ ነበር።»

«መዝገቡ ጠፍቷል።»

«እንግዲያው ብሎንን ጠይቂው። እዚያ የደረሰው እሱ ነው። ልጁ ብቻውን እንደነበረ ደግሞ ግልጽ ነው፤ የባዶው ወንበር ቀበቶ በሥርዓቱ ታስሮ የለ?»

«ታስሯል» አለች። በኋለኛው መስኮት ወደ ውጭ አየች። ከክፍሎቹ ጀርባ ሰው ቢያጎነብስ የሚሰውር ጥልቅ ቦይ አለ፤ እየተጠማዘዘ እስከ ጋኑ ድረስ ይሄዳል። «ይህ ቦይ ውኃው የት ነው የሚገባው?»

«ቱቦ አለው መሰለኝ» አለና ጉሮሮውን ጠረገ።

ውጭ ስትወጣ ሃምሳ አለቃውን ጠርታ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። «በዚህ ዩኒፎርም ቱቦ ውስጥ?» አለ። «ከፈለግህ አውልቀው» አለችው።

እህቲቱ ሃንጋሩ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ወንድምሽ መጀመሪያ ብቻውን የበረረ ቀን ምን ብሎ ነገረሽ?»

«ምንም። ሰማዩ ያምራል አለ። ጓደኞቹ ለሳምንት አፋቸው አይዘጋም፤ እሱ ሰማዩ ያምራል ብሎ ተኛ።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«መዝገቡን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ በማስመሪያ ያሰምር ነበር። ቀይ እስክሪብቶዬን ወሰደብኝ። ‹ምን ታበላሻለህ ማሙሽ?› አልኩት። ‹አላበላሽም፤ እያስተካከልኩ ነው› አለኝ። ፊቱ...» ቃሉን ፈለገችው። «ፊቱ ያረፈ ሰው ፊት ነበር።»

የቀረው ብሎን ነው። እጁ በካቴና ታስሮ የጎማ ክምር ላይ ተቀምጧል። ትከሻው በር የሚያክል፣ ረጅም ሰው ነው። ክንዱ ላይ የደረቀው ደም ተሰነጣጥቋል።

«ለምን መታኸው?»

ብሎን ካቴናውን ቁልቁል አየ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትሄዳለህ። ሚስትህ ውጭ ተቀምጣ የወንድሟን ገዳይ አግብቼ ይሆን እያለች ነው።»

መንጋጭላው ተንቀሳቀሰ። «አደራ አለብኝ» አለ።

«የማን?»

«የእሱ።»

«እሱ ሞቷል።»

«አደራው ግን አልሞተም፣ እመቤቴ። ይተዉኝ።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መርማሪዋ ሁሉንም ሃንጋሩ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተነሥቷል፤ አውሮፕላኗ ግን ከነደሟ ተጎትታ መሐል ላይ ቆማለች። ኮሎኔሉ ጣውላ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። የማማዋ ልጅ በሩ አጠገብ ቆመች። መምህር እጁን አጣምሮ ግድግዳ ተደገፈ። ብሎን ከነካቴናው፣ ሚስቱ ከእሱ አምስት እርምጃ ርቃ።

«አላስረዝምባችሁም» አለች መርማሪዋ። «ሃምሳ አለቃው ልጁ ካረፈ በኋላ ብሎን ደርሶ ገደለው ይላል። ሞተር ብስክሌቱ እንደቆመበት ብሎን የደረሰው በግራ በር ነው፤ ልጁ የተመታው ቀኝ ጆሮ ግንዱን ነው። ፊቱን አዙሮ ይሆናል ልትሉ ትችላላችሁ፤ እሺ ልቀበል። ግን ይህን ወንበር እዩት። ዙሪያው ሁሉ ደም ነው፤ እሱ ንጹሕ ነው። ደሙ ወደዚህ ሲረጭ መሐል ላይ የተቀበለው ነገር ነበር። የተቀበለው የሰው ደረት ነው።»

ኮሎኔሉ ከሳጥኑ ተነሣ። «ብቻውን ነበር እኮ።»

«አልነበረም፣ ጋሼ። ዛሬ ብቻ አይደለም፤ አንድም ቀን ብቻውን ሆኖ አያውቅም። የማማዋ ልጅ አይታዋለች፤ ያየችው ነገር ምን እንደሆነ ግን አላወቀችም። አሥሩንም ጊዜ ጨርቁን አልፎ ነው የተነሣው። ፈሪ ስለሆነ አይደለም፤ አውሮፕላኗ ሁለት ሰው ጭና ነው። ሰውየው ከጋኑ ጀርባ ይሳፈራል፤ እዚያው ይወርዳል፤ በቦዩ አጎንብሶ ይመለሳል። ልጁም ወርዶ ‹ሳላስበው ተነሣችብኝ› ያላለው ቀልላው ስለማታውቅ ነው።»

መርማሪዋ ወደ ቀኙ በር ጠጋ አለች።

«ገዳዩ ልጁን ከገደለ በኋላ ሞተሩን አጥፍቶ ሊወርድ ሲል የተፈታው ቀበቶ ዓይኑ ውስጥ ገባ። እኔ ብሆን፣ ሃምሳ አለቃው ቢሆን፣ ቀበቶው ትዝም አይለንም፤ ትተነው እንሮጣለን። የባዶ ወንበር ቀበቶ ሳይታሰር መቅረቱ የሚያስደነግጠው ብቻውን ስለሚበር ተማሪ ሕጉን ሌት ተቀን የሚለፈልፍ ሰው ነው። ስለዚህ በደም እጁ አሰረው። ቀጭ አደረገውና ሄደ። መጎተቱን ግን ረሳ። ቀበቶውን በራሱ ልክ ትቶልን ሄደ።» ወደ እህቲቱ ዞረች። «ሜትርሽን አውጪ። ይህ ቀበቶ የምን ያህል ወገብ ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ ቀረበች። የወንድሟን ደም ሳትነካ ጎንበስ ብላ ሜትሩን ከቀበቶው ጋር ዘረጋችው፣ ከመደገፊያው አዞረችው፣ ልክ ሥራ ላይ እንዳለች አፏ ውስጥ ቆጠረች።

«ሰባ አራት። ቢበዛ ሰባ አምስት።» ቀና አለች። አሁን ድምፅዋ ተለውጧል። «የባሌ ዘጠና ስምንት ነው። ሱሪውን የምሰፋለት እኔ ነኝ።»

«የእኔን አትለኪ፤ ሜትርሽ አይበቃም» አለ ኮሎኔሉ። የሳቀ የለም፤ እሱም ለማሳቅ አላለውም።

«ወንበሩም አጭር ሰው ነው ወደ ፊት የሳበው» አለች መርማሪዋ። «ብሎን እዚህ ቢቀመጥ ጉልበቱ አገጩ ጋ ይደርሳል። እንግዲህ መምህር፣ አንተ ስለ ቀበቶው ነገርከኝ፤ እኔ አልጠየቅኩህም ነበር። ካየነው ከሦስታችን፣ ከእኔ፣ ከሃምሳ አለቃውና ከጋሼ፣ በቀር መታሰሩን ለማንም አልነገርንም። ሸሚዝህም ዛሬ ሁለተኛ ሸሚዝህ ነው፤ ስትቀይር ትከሻህ ላይ ያለውን ምልክት ከመጀመሪያው ላይ መንቀል ረሳህ። እዚህ ቁጭ በልና ቀበቶውን ሳትነካካው እሰረው። ካልገጠመህ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«ይህ ቀልድ ነው» አለ መምህር።

«እሺ፣ ቀልድ ነው። አንቺ፣ ለኪው።»

እህቲቱ ሜትሩን በሁለት እጇ ወጥራ ወደ እሱ ሄደች። አልቸኮለችም። ወገቡ ጋ ልታደርስ አንድ ክንድ ሲቀራት ሰውየው ከግድግዳው ተወረወረ። ከሽርጧ ኪስ መቀሱን መዥርጦ ፀጉሯን ጨምድዶ ያዛት፤ የመቀሱ ጫፍ ከአገጯ ሥር ገባ፤ ቀጭን የደም መስመር አንገቷ ላይ ወረደ።

«ዞር በሉ። በሩን ክፈቱ።»

በሩን የሚከፍት አልተገኘም። ብሎን ከጎማው ክምር እንደ ተወነጨፈ ድንጋይ ነበር የመጣው። የታሰሩ እጆቹን በሚስቱ አንገትና በመቀሱ መሐል ሰደደ። መቀሱ በመዳፉ ገብቶ በአይበሉባው ወጣ። አልጮኸም። ግንባሩን አንሥቶ የመምህርን አፍንጫ መታው፤ የተሰበረው አጥንት ድምፅ ሃንጋሩ ውስጥ አስተጋባ። ሰውየው ሲወድቅ ብሎን ደረቱ ላይ ተቀመጠና መቀስ የተተከለበትን እጁን ከነካቴናው አንሥቶ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አወረደበት። ሦስተኛውን ኮሎኔሉ በሙሉ ክብደቱ ተንጠልጥሎ ነው ያስቆመው።

በዚህ መሐል ሃምሳ አለቃው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ገባ። በእጁ ጥቅልል ነገር ይዟል። ወለሉ ላይ ፈታው፤ ደረቱ በደም የረጠበ ነጭ ሸሚዝ፣ ትከሻው ላይ ሦስት ወርቃማ መስመሮች፣ ውስጡ የተጠቀለለ የበረራ መዝገብ።

«ቱቦው ውስጥ» አለ። ዓይኑን ከመርማሪዋ አሸሸ። ከዚያ ወደ ብሎን ሄዶ ካቴናውን ፈታለት።

መርማሪዋ መዝገቡን ገለጠችው። አሥር መስመሮች። በእያንዳንዱ ላይ «ብቻ» የሚለው ቃል በማስመሪያ በቀይ ተሰርዟል፤ በላዩ በትንሽ፣ በንጹሕ ጽሕፈት «ከአሰልጣኝ ጋር» ይላል። አሥረኛዋም ገና ሳትበረር የተሞላች ናት፤ ጠዋት ከሌሎቹ ጋር አስተካክሏታል።

መምህር ደም ተፋ። «መጀመሪያ ቀን ልወርድ ስል ክንዴን ያዘኝ። ያለቅስ ነበር። ፈርሜለታለሁ፣ ማማው ይጠብቃል፣ ኮሎኔሉ ይጠብቃል። አንድ ቀን ብቻ ብዬ አብሬው ተነሣሁ። ከዚያ ሁለት ሆነ።» አፍንጫውን በእጅጌው ያዘ። «ዛሬ ካረፍን በኋላ ይህን ዘርግቶ አሳየኝ። ነገ ፈታኙ ፊት ይዤው እቀርባለሁ፣ ከአንድ እንደገና እጀምራለሁ አለኝ። እሱ ከአንድ ይጀምራል፤ የእኔ ፈቃድ ግን ይቀደዳል። በሚቀጥለው ወር ትልቅ አውሮፕላን ላይ ልቀመጥ ነበር። ስጠኝ አልኩት።»

«እሱስ?»

«እምቢ አለኝ።» ወለሉን አየ። «ሦስት ጊዜ እምቢ አለኝ።»

ሃምሳ አለቃው አንሥቶ ወሰደው። የማማዋ ልጅ ተከተለች። ኮሎኔሉ አውሮፕላኗን አንድ ጊዜ አይቶ ኮፍያውን ሳያደርግ ወጣ።

መርማሪዋ የብሎንን መዳፍ በመሐረብ እያሰረች ነበር፣ እህቲቱ ፊት ለፊቱ መጥታ ስትቆም። አንገቷ ላይ ያለውን ደም አልጠረገችውም።

«ትናንት ለምን መታኸው?»

ብሎን መርማሪዋን አየ። መርማሪዋ ትከሻዋን ሰበቀች፤ የማንም አደራ የለባትም።

«የአውሮፕላኗ የቀኝ በኩል እግር መርገጫ ላይ ሁልጊዜ የቦይ ጭቃ አገኝ ነበር» አለ። «ብቻውን በረረ በተባለ ቀን። ትናንት ያዝኩትና ጠየቅኩት። አመነ። ብቻዬን መብረሩን ሳስበው እጄ ይደርቃል አለኝ። ነገ ፈቃድ ይዞ ሰው ሊጭን እኮ ነው። መታሁት። ሂድና እውነቱን ጻፍ አልኩት።» መዳፉን አየ። «ጻፈ።»

«ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?»

«አደራ አለኝ። ‹እህቴ ፈሪ ነው ብላ እንዳታስብ› አለኝ። አስምሎኛል።»

ሴትዮዋ ሜትሯን በጣቶቿ ላይ መጠቅለል ጀመረች። ጠቀለለችው፤ ተፈታባት፤ እንደገና ጠቀለለችው።

«አሥራ አራት ዓመቱ ድረስ መብራት ሳይበራለት አይተኛም ነበር» አለች። «እኔ ነኝ የማበራለት። እሱ የማላውቅ መስሎት ነው የሞተው። አንተስ? አብረኸኝ ስትኖር እኔ የማላውቅ መስሎህ ነው?»

ብሎን ሊነሣ ሲል በእጇ መለሰችው።

«እጅህን አሰፋው» አለችው። መርማሪዋን ደግሞ «መቀሴን እጠቢና ላኪልኝ» አለቻት፤ ቀጥሎ ቆም ብላ «ይቅርታ፣ ይጠቡና ይላኩልኝ» አለች። ከዚያ ወደ ባሏ ተመለሰች። «ቁልፍ አለህ። ዛሬ ግን አንኳኳ። ልክፈት አልክፈት፣ እስከዚያ አስብበታለሁ።»

መርማሪዋ ሳጥኑ ላይ ያስቀመጠችውን መዝገብ አነሣች። ማስረጃ መሆኑን ልትነግራት ያሰበችው መርማሪዋ አፏን መልሳ ዘጋች፤ ነገ ራሷ ሄዳ ትወስደዋለች። ሴትዮዋ በአውሮፕላኗ አጠገብ አለፈች፣ ወንበሮቹን አላየችም፣ በትልቁ በር ውስጥ የተሠራችውን ትንሿን የብረት በር ከፍታ ወጣች። አልወረወረችውም። ከውጭ ሆና በቀስታ ስባ፣ መቀርቀሪያው ቀጭ እስኪል ድረስ ዘጋችው።